«አያልቅሱ» የሚለው ማጽናኛችን ሲመዘን

ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። ድንኳኑን፣ ከእድር የመጣውን አግዳሚ ወንበር፣ በሰፌድ የሚዞረውን ንፍሮ ታውቁታላችሁ። እኛ ወንጌላውያን ወጣቶች በኅብረት ስንገባ የሚሆነውንም ታውቃላችሁ። አንዱ በጸሎት ይከፍታል፤ ሁለት መዝሙር ይዘመራል፤ አንድ ወንድም ዐሥር ደቂቃ ቃል ያካፍላል፤ «ጌታ ያጽናናችሁ» ብለን እንወጣለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወገል ጤና ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ከኅብረታችን የአንዱ ወንድም አባት ሞቱ። ገበሬ ነበሩ፤ በበጋ ደግሞ ገደሉ ላይ ኦፓል ይቆፍሩ ነበር። የእኛን እምነት አይከተሉም፤ በደብራቸው ተቀበሩ። በሰልስቱ ዐሥራ ሁለት ሆነን ሄድን። ሚስታቸው ከሴቶቹ መሀል ሆነው ሲያለቅሱ፣ ቃል የሚያካፍለው ወንድማችን ድምፁን ከፍ አድርጎ «እናታችን፣ አያልቅሱ፤ ለቅሶ ተስፋ ለሌላቸው ነው» አላቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ሙሾ ያወርዱ የነበሩት ጎረቤታቸውም ዝም አሉ። እኛ ቤቱ የተጽናና መሰለን።

እንደወጣን እናቲቱ ጓሮ ገብተው ብቻቸውን እንዳለቀሱ ልጃቸው ከወራት በኋላ ነገረኝ። ሌላም ነገር ጨመረልኝ። አባቱ አምስት ወር አልጋ ላይ ሲቆዩ «እነዚያ ጓደኞችህ ለምን አይመጡም?» እያሉ ይጠይቁት ነበር። እኛ ግን «አይቀበሉንም» ብለን አልሄድንም። በሕይወት ሳሉ ያልጠየቅናቸውን ሰው፣ ከተቀበሩ በኋላ ስብከት ይዘንላቸው ደረስን።

በዚህ መጽሔት ስለ ግጥም፣ ስለ ልብ ወለድና ስለ መዝሙር ሂስ ይጻፋል። እኔ ዛሬ ልመዝነው የፈለግሁት ሁላችንም ደጋግመን የምንደርሰውን አንድ ድርሰት ነው፤ የማጽናኛ ንግግራችንን። ያን ቀን ዝም ያሰኘነውን ሙሾም ከጎኑ አስቀምጠዋለሁ።

ሙሾ እንዴት ይሠራል? ሙሾ አውራጇ አስቀድማ ስለ ሟቹ ትጠይቃለች፤ የመንደሩ ሰው ከሆነችም ታውቃለች። ምን ይወድ ነበር? ልጆቹ እነማን ናቸው? ማን ከሩቅ ይመጣል? ከዚያ አጭር፣ ቤት የሚመታ ስንኝ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። አንዱ ስንኝ ለሚስቱ፣ አንዱ ለእኅቱ፣ አንዱ አሁን ከበር ለገባው ዘመድ ይደርሳል። የቆፋሪ ቤት ሙሾ ምን ሊመስል እንደሚችል ለማሳየት እኔው ሁለት መስመር ገጥሜአለሁ፦

መዶሻው ተሰቅሏል፣ ጫማው ከደጅ አለ፤
ዕቃው ሁሉ ሞልቶ፣ ባለቤት ጎደለ።

እነዚህ መስመሮች ስለ ሞት ምንም ትምህርት አይሰጡም። መዶሻና ጫማ ያሳያሉ፤ በቃ። ነገር ግን ባሏ የሞተባት ሴት ነገ ጠዋት በሯን ስትከፍት የምታየው ያንኑ ጫማ ነው። ስንኙ አስቀድሞ ስላነሳላት፣ ያን ጊዜ ሐዘኗን የምትጠራበት ቃል አላት። የሙሾ አንዱ ጉልበት እንዲህ ያለው ዝርዝር ነው። ሌላው ጉልበቱ ሥርዓቱ ነው። ለቅሶው ይነሣል፣ ይበርዳል፣ እንግዳ ሲገባ ደግሞ ይነሣል። ሐዘንተኛዋ የምታለቅሰው ከሰው ጋር ነው፤ የምታርፈውም ከሰው ጋር ነው።

የእኛ ንግግር ግን ለማንኛውም ለቅሶ ቤት የሚሆን ነው። ያን ቀን ቃል ሲካፈል የሟቹ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም። በድርሰት ሚዛን ስመዝነው ባለታሪክ የሌለው ድርሰት ሆኖ አገኘሁት።

ሙሾም ቢሆን ነቀፋ አያጣውም። ለባለጸጋ ሲሆን ውዳሴው ይረዝማል፤ ለድኃ ያጥራል። ያልተሠራ ጀብዱ ይጨምራል። ፊት መንጨትና ደረት መድቃት አብረውት ኖረዋል፤ ሰውነት ይጎዳሉ። ከሁሉም በላይ «ጎደለ» ብሎ ያቆማል። ትንሣኤን የምናምን ሰዎች እዚያ ላይ ልናቆም አንችልም። ስለዚህ ተስፋው መነገር አለበት። የእኔ ጥያቄ መቼ ይነገር፣ ከምንስ በኋላ ይነገር የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ይዛችሁ መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ሥነ ጽሑፍ አንብቡት። ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ያወጣው ሙሾ በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ይገኛል። በዚያ ሙሾ ውስጥ መንግሥተ ሰማያት አይነሣም፤ የእግዚአብሔር ስም እንኳ አይጠራም። ያለው ቀስት፣ ሰይፍ፣ ጋሻ፣ ቀይ ልብስና የወዳጅ ፍቅር ነው። ሰዎቹ የወደቁበትን የጊልቦዓን ተራራ ዝናብና ጠል እንዳያገኝ ይረግመዋል። ገደል ሰው የወሰደበት የደላንታ ቤተሰብ ይህን እርግማን ለመረዳት ተርጓሚ አያስፈልገውም። ዳዊት ይህን ሙሾ የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አዘዘ። በኤርምያስ ምዕራፍ 9 ደግሞ አልቃሾች ይጠራሉ፤ ሴቶቹም ለልጆቻቸው ሙሾን እንዲያስተምሩ ይነገራቸዋል። በነቢዩ ዘመን ማልቀስ የሚማሩት ሙያ ነበር።

ሰቆቃወ ኤርምያስን ተመልከቱ። አምስት ግጥም ነው። በመዝሙር 119 አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እየተባለ እንደምታዩት፣ የመጀመሪያዎቹ አራቱ በዕብራይስጥ 22 ፊደላት ተራ ተሰድረዋል። ገጣሚው ሐዘኑን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ይቆጥረዋል። የታወቀው የተስፋ ክፍል የሚመጣው በምዕራፍ 3 መካከል ነው፤ ከፊቱ ሁለት ምዕራፍ ለቅሶ አለ፣ ከኋላውም ለቅሶው ይቀጥላል። እኛ ግን ያንን ክፍል ቆርጠን አውጥተን ገና ከበር ስንገባ እናነበዋለን። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር። የተበላሸው መናገር ሲጀምሩ ነው፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቈጣው በንግግራቸው ነው።

«ጳውሎስስ?» ትሉኝ ይሆናል። 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13ን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ሐዋርያው የሚናገረው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ስለማዘን ነው፤ ማዘንን ራሱን አልከለከለም። ወንድማችን ያን ቀን ከጥቅሱ ግማሹን ብቻ ነበር የያዘው። «ጌታስ በኢያኢሮስ ቤት አልቃሾቹን አስወጥቶ የለም?» ካላችሁም፣ አዎ፣ አስወጥቷል። እነዚያ ግን ከለቅሶ ወደ ሳቅ ወዲያው የተሻገሩ ናቸው፤ እርሱም ልጅቱን ሊያስነሣ ነበር የገባው። እኛ ሬሳ አስነሥተን የማንሰጥ ሰዎች፣ ለቅሶውን ብቻ ለማስወጣት ምን ሥልጣን አለን? አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ እንኳ ጌታ አልቅሷል።

በምዕራቡ ዓለም ዛሬ ከሚሞት ሰውና ከሐዘንተኛ ጋር መቀመጥን ሙያ ያደረጉ ሰዎች አሉ። «ዱላ» ይባላሉ። ስሙ በእኛ ጆሮ ያስቃል፤ ሐዘንተኛን በዱላ! ቃሉ ግን ግሪክኛ ነው፤ «ዱሌ» ሴት አገልጋይ ማለት ነው። በሉቃስ ምዕራፍ 1 ማርያም ለመልአኩ ስትመልስ ራሷን የጠራችበት ቃል ነው። ስሙ በመጀመሪያ የተሰጠው ወላድን ለምትደግፍ ሴት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ለሚሞቱ ሰዎችም እንዲህ ያሉ አገልጋዮችን የሚያሠለጥን መርሐ ግብር ተጀመረ። ሥራቸው ቀላል ይመስላል። ሕመምተኛው ማን አጠገቡ እንዲሆን፣ ምን እንዲዘመርለት እንደሚፈልግ ይጠይቃሉ። ለልጆቹ የሚተወውን ደብዳቤ ይጽፉለታል። ሌሊት ተቀምጠው አስታማሚውን ያሳርፋሉ። ከሞቱ በኋላም ተመልሰው ቤተሰቡን ያዳምጣሉ።

ይህን የምነግራችሁ እንድትቀኑ አይደለም። ዱላ የሚፈለገው ጎረቤት በጠፋበት ከተማ ነው፤ ብዙዎቹም በክፍያ ይሠራሉ። እኛ እድር አለን፤ ድንኳን የሚተክል፣ ወጥ የሚሠራ፣ ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድር ሰው አለን። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የእድር ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። አምስት ወር አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ጥሩምባ አይነፋም። አዲስ አበባ ላይ አንዲት ነርስ የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ይህን ክፍተት አይቶ፣ በጽኑ የታመሙትን በየቤታቸው እየሄደ ሕመማቸውን ሲያስታግስና ቤተሰባቸውን ሲደግፍ ቆይቷል። ወገል ጤና ላይ ግን ያንን አልጋ ለመጎብኘት ድርጅት መጠበቅ አያስፈልገንም ነበር፤ ቤቱ ከአዳራሻችን በእግር ሃያ ደቂቃ ነው።

ሬሳ የሌለበት ለቅሶም አለ። በ2016 ዓ.ም. የካቲት መባቻ ላይ በደላንታ የኦፓል ዋሻ ተደርምሶ ሃያ ያህል ሰዎች ውስጥ መቅረታቸው ተዘገበ፤ ፍለጋውም ቀናት ፈጀ። እንዲህ ዋሻ በር ላይ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ምን ስብከት ይሰበካል? «አታልቅሱ» ብንል ገና ለቅሶ ያልተፈቀደላቸው ናቸው፤ «ተጽናኑ» ብንል ተስፋ እንዲቆርጡ የነገርናቸው ይመስላል። እዚያ የሚያዋጣው የኢዮብ ወዳጆች የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ አብሮ መሬት ላይ መቀመጥ።

በዓመቱ ወደዚያ ቤት ብቻዬን ተመለስኩ። ስብከት አልያዝኩም። ቡና ሲፈላ «እስቲ ስለ እሳቸው ይንገሩኝ» አልኳቸው። መዶሻው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነበር፤ ጫማውንም ከደጅ አላነሡትም። ያ ስንኝ የመጣው ከዚያ ነው። እናቲቱ ሲያወሩ አለቀሱ፤ እኔም ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ልሄድ ስነሣ «በል እንግዲህ ልጄ፣ በምታውቀው ጸልይልኝ» አሉኝ። በሰልስቱ በግድ የጫንባቸውን ጸሎት በዓመቱ ራሳቸው ጠየቁኝ።

ወጣቶች ሆይ፣ የሚቀጥለው ለቅሶ ሳይመጣ በሰፈራችሁ አልጋ ላይ የተኛውን ሰው ጠይቁ፤ የእምነታችሁ ተከታይ ባይሆንም። ለቅሶ ቤት ስትገቡ የሟቹን ስም ጠይቃችሁ ግቡ። የሚያለቅስ ካለ ዝም አታሰኙት። ተስፋችሁን አትደብቁ፤ ግን ምዕራፍ 3 እስኪደርስ ታገሡ። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላም ተመለሱ፤ ቤቱ ጭር የሚለው ያን ጊዜ ነው።