የይፋት ቆላ የመድኃኒት ብልቃጦች፤ ስለ ዕድሜያቸውና ስለ ዋጋቸው አወሳሰን

አሮጌ የመድኃኒት ብልቃጦችን ስለ መለየትና ዋጋ ስለ መስጠት በአውሮፓና በአሜሪካ ለሰብሳቢዎች የሚጻፉት መምሪያዎች በአብዛኛው የሚመረምሩት መስታወቱን ብቻ ነው። ብልቃጡ ከየትኛው ፋብሪካ እንደ ወጣ፣ በየትኛው ዘመን እንደ ተሠራ፣ ደኅና ወይም የተሰነጠቀ መሆኑን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በኋላ በማን እጅ እንደ ኖረ ግን እምብዛም አይጠይቁም። ይህ ዘዴ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ሲፈተን ጉድለቱ ይገለጣል።

በመጀመሪያ የዘዴውን ጥቅም መካድ አይገባም። በቅርጽ ማውጫ የተሠራ ብልቃጥ በጎኑ የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል። መስመሩ ከአንገቱ ላይ ከተቋረጠ አፉ በእጅ የተበጀ ነው፤ እስከ ከንፈሩ ጫፍ ከደረሰ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካዊው ማይክል ኦወንስ እ.ኤ.አ. በ1903 ከሠራው መኪና ወዲህ የመጣ ነው። ማንጋኔዝ የተጨመረበት ነጭ መስታወት ለብዙ ዓመታት ፀሐይ ሲመታው ሐምራዊ መልክ ይይዛል። የላስቲክ ክዳንና የአሉሚኒየም ቆብ ያለው የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ደግሞ በብዛት የተሠራጨው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ከተስፋፋ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የብልቃጡን የልደት ዘመን ይነግረናል እንጂ የኑሮውን ዘመን አይነግረንም። ከታጁራ ወደ አንኮበር የሚወጣው የሲራራ መንገድ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ያልፍ ስለ ነበር፣ ይፋት ለባሕር ማዶ ዕቃ የቆየ በር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የካፒቴን ሐሪስ የእንግሊዝ መልእክተኞች ጓድም ሐኪም አስከትሎ የወጣው በዚሁ አቅጣጫ ነበር። ነገር ግን መስታወት ብርቅ በነበረበት አገር ብልቃጥ ከመድኃኒቱ ጋራ አያልቅም። ባዶ ሲሆን ሁለተኛ ሥራ ይይዛል፤ ኩል ይኖርበታል፣ ሽቶና ቅባት ይቀመጥበታል፣ ክዳኑ ተበስቶ ፈትል ሲገባበት ኩራዝ ይሆናል። ስለዚህ በመስታወቱ ዕድሜ ብቻ ተመርቶ «መድኃኒቱ ወደዚህ ቤት የገባው በዚህ ዘመን ነው» ማለት ስሕተት ነው። የተገኘበት ቦታም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ በአዲስ አበባ ቆራሌው ከየቤቱ የሚገዛው ጠርሙስ ምናለሽ ተራ ደርሶ ለሌላ ሰው፣ ለሌላ ሥራ እንደሚሸጥ የታወቀ ነው።

የዋጋው ነገር ከዚህ የባሰ ነው። ሰብሳቢው አብልጦ የሚከፍለው ለጠራው፣ የስም ወረቀቱ ላልተላጠው ብልቃጥ ነው። የኩራዙ ጥላሸትና በአንገቱ ዙሪያ የደረቀው ኩል ለእርሱ እድፍ ናቸው። ለኢትኖሎጂ ተማሪ ግን የብልቃጡ ታሪክ የተጻፈው በእነዚሁ ነው፤ ብልቃጡን ለገበያ ብሎ ያጠበ ሰው ገጹን ቀድዶ ጥሏል። ደግሞም ሐምራዊው መልክ ዛሬ በጨረር ሊፈጠር ስለሚችል፣ ለሻጩ ራሱ እንኳ የታመነ ምልክት አይደለም።

አሁን ኩራዝ ለመብራት ኃይልና ለባትሪ፣ ብልቃጥም ለፕላስቲክ ቦታ እየለቀቁ ናቸው። የብልቃጡን ሁለተኛ ሥራ የሚያውቁት እናቶች ሳያልፉ መጠየቅ ያስፈልጋል። መዝጋቢው ብልቃጡን ሳያጥብ ሦስት ነገር ይጻፍ፤ መቼ ተሠራ፣ መቼና በማን እጅ ወደ ቤቱ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ሲሠራ ኖረ። የገንዘብ ዋጋው ከእነዚህ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ከቀደመ ግን ሦስቱንም ያጠፋቸዋል።