ከረቡዕ እስከ ረቡዕ፦ የተከታታይ ድራማ ሳቅ በጌዴኦኛ ሲመነዘር

ጨለለቅቱ በጌዴኦ ዞን የኮቸሬ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከዲላ ተነስቶ ወናጎንና ይርጋጨፌን አልፎ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ያገኛታል። ኮቸሬ የሚለውን ስም ባሕር ማዶ ያሉ ቡና ቆዪዎች ሳይቀሩ ያውቁታል። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ግን በቡናው ዙሪያ የሚወራው ነው።

«ሰው ለሰው» የተባለው ተከታታይ ድራማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ረቡዕ ማታ በሚታይበት ዘመን፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት እዚያች ከተማ ቡና ከሚፈላበት ቤት ተቀምጬ ነበር። ማታ መብራት ጠፍቶ ስላመሸ ክፍሉን ያየ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ዲላ አድሮ ማለዳ የገባ አንድ ወጣት ግን አይቶታል፤ ለእናቱና ለጎረቤቶቿ በጌዴኦኛ ይተርክላቸዋል። የድራማውን ተንኮለኛ ባለሀብት አስናቀን ሲሆን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጣቶቹን አቆላልፎ፣ ቃል እየመጠነ ይናገራል። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ሳቁ ሳያልቅ ፊታቸው ይጠቁራል። ከሰዎቹ ስምና ጣልቃ ከሚገቡ ጥቂት የአማርኛ ቃላት በቀር ንግግሩን አልተከተልኩትም፤ ታሪኩ የት እንደደረሰ ግን ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

ሂሳችን ብዙውን ጊዜ የሚመዝነው በመስኮቱ የታየውን ብቻ ነው፤ የተዋናዩን ብቃት፣ የካሜራውን አያያዝ፣ የታሪኩን መንዛዛት። በሁለት ክፍሎች መካከል ያለውን ሳምንት እንደ ባዶ ጊዜ እንዘለዋለን። ለእኔ ግን ተከታታይ ድራማ ግማሽ ነፍሱ ያለው እዚያ ሳምንት ውስጥ ነው። ልብ አንጠልጣይ ሆኖ የተቋረጠው ክፍል ሰው አፍ ውስጥ ይገባል፤ ይተነተናል፣ ይፈረድበታል፣ ይሳቅበታል። ረቡዕ ተመልሶ ሲመጣ ተመልካቹ ያው ሰው አይደለም።

መጠበቅን የፈጠረልን ቴሌቪዥን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሳሙና አምራቾች የቤት እመቤቶችን በሬዲዮ ለማግኘት ሲሉ ስፖንሰር ያደረጓቸው ድራማዎች እስከ ዛሬ ዘርፉን በሳሙና ስም አስጠርተውታል። እንግሊዞቹ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያዩት «ኮሮኔሽን ስትሪት» ሐዘንና ቀልድን አንድ ሰፈር ውስጥ በማኖር ይታወቃል። እኛ ዘንድ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ሲተርከው፣ አገሩ የሚቀጥለውን ክፍል መጠበቅ ለመደ። እዚያ ታሪክ ውስጥ ጉዱ ካሣ አለ። ሰው እብድ ብሎ ይስቅበታል፤ ነገር ግን የመኳንንቱን ሥርዓት ገልጦ የሚያሳየው እሱ ነው። በጉዱ ካሣ የሳቀ አድማጭ ትንሽ ቆይቶ የሳቀው በራሱ እንደሆነ ይገባዋል። የአማርኛ ተከታታይ ትረካ ይህን የሚያህል የሳቅ ውርስ ይዞ ነው ወደ ቴሌቪዥን የገባው። ውርሱን ምን አደረግነው?

በሰለሞን ዓለሙ ዳይሬክተርነት የተሠራው «ሰው ለሰው» ቀልድ ለማቅረብ የተሰናዳ ሥራ አልነበረም። ሆኖም አበበ ባልቻ የሠራው አስናቀ ተመልካቹን ፈገግ ያሰኝ ነበር፤ ምክንያቱም ተንኮሉ ጨዋነትን ለብሶ ይመጣል። ሲያጠፋ አይጮኽም፤ የሚያስፈራው እርጋታው ነው። ያ የጨለለቅቱ ወጣት ከአማርኛ ወደ ጌዴኦኛ ሲሻገር አስናቀን አንድም አላጎደለበትም። ጨዋ መስሎ የሚጎዳ ባለሀብት በየትኛውም ቋንቋ አለ።

የጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» ጉዳይ ሌላ ነው። ከ300 ክፍል በላይ የተጓዘው ይህ ሲትኮም ለቀልድ ታስቦ የተሠራ፣ ብዙ ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ ያየው ነው። ትልቁ ውለታው የቤት ሠራተኞችን ሻይ አቅርቦ ከሚወጣ ሚና አውጥቶ መሐል ሳሎን ማናገሩ ነው። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ንፉግነት ይሆናል። ነገር ግን እዚህ ብቻ ሳይሆን በአብዛኞቹ ኮሜዲዎቻችን፣ ሳቁ ከየት እንደሚወጣ ልብ ብለን ስናዳምጥ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ከአነጋገር ነው። ከገጠር የመጣችው ልጅ ቃሉን ሰበረችው፤ ዘበኛው «አንቺ» እና «አንተ»ን አምታታ፤ ተሳቀ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ የጨለለቅቱ ተመልካችም አብሮ ይስቃል፤ የሚስቀው ግን ነገ አዲስ አበባ ሲሄድ እሱ ራሱ በሚናገረው አማርኛ ነው።

የትረካው ጠዋት ያስተማረኝ ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመኛል። ድራማው በጌዴኦኛ ሲነገር ጌታውም፣ ሠራተኛዋም፣ ዘበኛውም እኩል አንደበት ያገኛሉ። በአነጋገር የሚሳቅበት ሰው አይኖርም፤ ሁሉም አገሬው ነው። እንግዲህ ቀልዱ በሰባራ አማርኛ ላይ ብቻ የቆመ ከነበረ ተራኪው የሚናገረው ያጣል፤ ዘሎት ያልፋል። ቀልዱ በሁኔታው፣ በሰውየው ስስት፣ በእመቤቲቱ ግብዝነት ላይ የቆመ ከሆነ ግን ጌዴኦኛውም ያስቃል። ከዚህ የተሻለ የኮሜዲ መመዘኛ አላገኘሁም። ሲመነዘር የሚተርፍ ሳቅ ሳቅ ነው፤ የማይተርፈው ንቀት ነው።

በዚህ ሚዛን በፋና ቴሌቪዥን የታየው «ምን ልታዘዝ» ከብዙዎቹ ይበልጣል። ካፌን አገር አድርጎ፣ ሳቁን ወደ ላይ፣ ወደ አለቃና ወደ ሥልጣን ይወረውር ነበር። አስተናጋጅ በአለቃው ሲስቅ የትም አገር ያስቃል። ዘመን ጠቃሽ ቀልዶቹ ያረጃሉ፤ አስተናጋጁና አለቃው ግን አያረጁም።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ የጥበብ ሰዎች ተቃወሙ። ባህል ይበረዛል፣ የአገር ውስጥ ሥራ ይዳከማል አሉ፤ ስጋቱ መሠረት ነበረው። ብዙም ያልተነሳው ግን ቋንቋው ነው። በቃና ኢስታንቡል ውስጥ የደሃው ልጅም የባለጸጋው ልጅም አንድ ዓይነት የጠራ የከተማ አማርኛ ይናገራሉ። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ሰው ሠራሽ ይመስላል። በአማርኛው ተስቆበት ለሚያውቅ ተመልካች ግን ማንም በአነጋገሩ የማይዋረድበት ዓለም ነው። ከዚህ ሌላ ቃና ድራማን ዕለታዊ አደረገው፤ ከረቡዕ እስከ ረቡዕ የነበረው የመተረኪያ ሳምንት ወደ አንድ ሌሊት ጠበበ። ሁለተኛው ለውጥ የጎዳን ይመስለኛል። ክፍሉ ሳይብላላ ሌላ ክፍል ይደረብበታል፤ ያ ወጣትም በጌዴኦኛ አሰናድቶ ለመተረክ ጊዜ ያጣል።

ሰሚውን ያከበረ ሥራ ጨርሶ አልነበረንም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» በ257 ክፍሎቹ ፍቅርቴ የተባለችን ሴት ሕይወት ተርኳል። የተሠራበት ስልት ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ የነደፈው፣ ትምህርትን በተከታታይ ድራማ የማስተላለፍ ዘዴ ነበር። አድማጮች በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ጻፉ። ደብዳቤ ማለት ያ የመካከል ሳምንት በወረቀት ሲሰፍር ነው። ድራማው ሊያስተምር የተነሳ በመሆኑ አልፎ አልፎ ይከብዳል፤ ሰሚውን ግን ከታሪኩ ውጭ አቁሞ አልሳቀበትም።

ለድራማ የሚሆን ዓለም ከአዲስ አበባ ውጭም አለ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቡናውና እንሰቱ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተደራርበው የሚኖሩበት ምድር ነው። ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚባለው ባህላዊ ሸንጎ ተቀምጠው የተጣላ ያስታርቃሉ፤ ክርክር፣ ምስጢር፣ እርቅና ጨዋታ አንድ ቦታ የሚገናኙበት እንዲህ ያለ መድረክ ለድራማ ጸሐፊ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። የቡና ማጠቢያ ጣቢያም እንዲሁ፤ ለቃሚው፣ ሚዛን ያዡ፣ ነጋዴው፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሌሊት የሚጠብቀው ሰው አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። የእኛ ድራማዎች ግን አሁንም ከአዲስ አበባ ሶፋ አልተነሱም።

ለድራማ ጸሐፊዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። የሚቀጥለውን ሥራችሁን ከማሰናዳታችሁ በፊት በኅዳር ወደ ኮቸሬ ውረዱ። ያን ጊዜ ቀይ ቡና ይለቀማል፤ ሰዉም ሲመሽ ቡና አፍልቶ ያወራል። ቁጭ ብላችሁ በምን እንደሚስቅ ስሙት።