ሊብሬው የእኛ፣ ቋንቋው የሰው

መጽሐፍ ገዝቶ ማንበብ የማይችል ሰው የመጽሐፉ ባለቤት አይደለም ማለት አይቻልም። ገንዘቡን ከፍሏል፤ ደረሰኙም በእጁ ነው። ይሁንና መደርደሪያውን ከማስጌጥ በቀር ከመጽሐፉ ያገኘው ጥቅም የለም። ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ድምፅ ሳያሰሙ ሽው ከሚሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለባለቤቶቻቸው እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ናቸው። ልዩነቱ፣ ያልተነበበ መጽሐፍ አቧራ ይጠጣል እንጂ ሰው አይጎዳም። ያልተነበበ መኪና ግን ይነዳል፤ ያውም ሚስትና ልጆች ተጭነውበት።

ስለዚህ በልቦለድና በተውኔት ላይ የምናተኩር ሰዎች ለአንድ ወር ፊታችንን ወደ መኪና ብናዞር ከሙያችን ወጣን የሚያሰኝ አይመስለኝም። የዛሬ መኪና የሚነዳ ብቻ ሳይሆን የሚነበብ ነገር ሆኗል። የሚነበብ ነገር ደግሞ ሂስ ይገባዋል።

መኪኖቹ የመጡበት መንገድ የሚታወቅ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ እንዲሆኑ ተወሰነ፤ ተገጣጥሞ ያለቀለት መኪና የተጣለበት የጉምሩክ ቀረጥ 15 በመቶ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ ትናንት ቪትዝ ወይም ኮሮላ ለመግዛት ይቆጥብ የነበረው ቤተሰብ ፊቱን ወደ ቢዋይዲ፣ ወደ ቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ቢያዞር የሚያስገርም አይደለም።

አይዲ 6ን እንመልከት። ሰባት ሰው የሚጭን፣ ሰፊ፣ ምቹ የቤተሰብ መኪና ነው። ስሙ የጀርመን ቢሆንም ጀርመናዊ ቤተሰብ ሱቅ ገብቶ ሊገዛው አይችልም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 ለቻይና ገበያ ብቻ ብሎ ያወጣው፣ የሚሠራውም እዚያው ቻይና ውስጥ ነው። ስክሪኑ የሚጽፈው በቻይንኛ፣ ካርታው የቻይና፣ ስሙን ጠርተው ሲያናግሩት የሚሰማውም ቻይንኛ ነው። ለቤጂንግና ለሻንጋይ ቤተሰብ የተጻፈ መጽሐፍ፣ ሳይተረጎም ቦሌና ሲኤምሲ ደረሰ ማለት ነው።

ቮልስዋገን ለኛ እንግዳ ስም አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው ተወስደው የሄዱት በቮልስ ነበር። ያቺ ቮልስ ምስጢር አልነበራትም። ሞተሯ ከኋላ፣ ማቀዝቀዣዋ ነፋስ፤ የሰፈር መካኒክ ፈትቶ የሚገጥማት መኪና ነበረች። የዛሬዋ እህቷ ዘር አንድ ይሁን እንጂ ጠባይዋ ፈጽሞ ሌላ ነው።

ለመሆኑ መኪና የአንድ ሕዝብ የሚሆነው መቼ ነው? መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የኛ የሆነው ግን በዚያን ቀን አይደለም። የኛ የሆነው ቃል ሲያገኝ ነው። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ኮፈኖ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ማንም አካዳሚ ተቀምጦ አልመረጣቸውም። ጋራዥ ውስጥ፣ በዘይት በተነከረ እጅና በረዳት ልጅ አፍ አማርኛ ሆኑ። ከጋራዥም ወጥተው ወደ ኑሯችን ገቡ። ምላሱን የማይገታ ሰው «ፍሬን የለውም» ይባላል። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲወስድ ሕዝቡ ከዐረቢያ ቅኔ ወይም ከጥንት ጀግና ስም ፍለጋ አልሄደም፤ «ማርሽ ቀያሪው» አለው። የባዕድ ብረት የነበረ ነገር ለብሔራዊ ጀግና የውዳሴ ቃል እስኪሆን ተዋሕዶን ነበር።

ይህን ስል አንድ ተከራካሪ «ለዚያች ቮልስና ለዚያ ፊያትስ የአማርኛ መመሪያ መቼ መጣላቸው?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። እውነት ነው፣ አልመጣም። ግን አላስፈለገም ነበር። አሮጌው መኪና የሚናገረው በጽሑፍ አልነበረምና። በድምፅ፣ በሽታ፣ በንዝረትና በጭስ ነበር የሚናገረው። ፍሪሲዮን ሲቃጠል ይሸታል። ዘይት የሚበላ ሞተር ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ኩሽኔታ ሲያልቅ ያጉረመርማል። ፊደል ያልቆጠረ መካኒክ ኮፈኖውን ከፍቶ ጆሮውን ከሰጠ በሽታውን ያውቅ ነበር። ይህ ዕውቀት ከጌታው ወደ ረዳቱ በቃል ሲተላለፍ የኖረ፣ እንደ ተረትና ምሳሌያችን ያለ ሀብት ነው።

አዲሱ መኪና ግን ዝም ያለ ፍጡር ነው። ሲታመም አያጉረመርም፤ ይጽፋል። የሚሰማውን ሁሉ ስክሪኑ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገልጾ ይጠብቃል። የምልክቶቹ ሥዕል በአብዛኛው ዓለም አቀፍ ስለሆነ ቀይ መብራት ሲበራ ቁም፣ ቢጫ ሲበራ ተጠንቀቅ ማለቱን እንረዳ ይሆናል። የኤሊ ሥዕል ብቅ ሲል ጉልበቱ መቀነሱን የሚገምትም አይጠፋም። ለምን ቀነሰ? ባትሪው አልቆ ነው ወይስ ሞቆ? ልቀጥል ወይስ ልቁም? ይህን የሚመልሰው ከሥዕሉ ሥር ያለው ጽሑፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ቻይንኛ ነው። ስልክ አውጥቶ ፎቶ እያነሱ ማስተርጎም ይቻላል ይባላል። ቤት ቆሞ ላለ መኪና መልካም ነው። በፍጥነት መንገድ ላይ ልጆች ጭኖ ለሚነዳ አባት ግን ምክር አይሆንም።

ነገሩ ወዲህ ነው፤ ቤተሰቡ በየቀኑ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ከባድ አይደሉም፤ የሚመልስላቸው ግን አጥተዋል።

አንደኛው የርቀት ጥያቄ ነው። ሻጩ «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ይላል። የሚጠቅሰው ቁጥር በቻይና የመለኪያ ሥርዓት የተገኘ ሲሆን ያ ሥርዓት ከአውሮፓው ይልቅ ለጋስ ነው። በዚያ ላይ መልክዓ ምድራችን አለ። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ቅዳሜ ቤተሰቡ ቁልቁል ሲወርድ ስክሪኑ ላይ ያለው ኪሎ ሜትር ከተጓዘው መንገድ ባነሰ ይቀንሳል፤ ሰው ይደሰታል። እሑድ ሲመለስ ያው መንገድ ባትሪውን ይግጠዋል፤ ሰው ይደነግጣል፤ «መኪናው ተበላሸ» ይላል። አልተበላሸም። ሁለት ቶን ግድም የሚመዝን ነገር 600 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት ብቻ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኃይል ይጠይቃል። ይህን አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ሊያስረዳው ይችል ነበር።

ሁለተኛው የቁልቁለት ጠባይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ኃይሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሰው ማታ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ጠዋት ወደ አራት ኪሎ ሲወርድ ግን ባትሪው መቀበያ ቦታ ስለሌለው በብዙ መኪኖች ይህ አያያዝ ይቀንሳል። መኪናው እንደ ትናንቱ ስላልያዘለት «ፍሬን እምቢ አለኝ» ብሎ ይሸበራል። ፍሬኑ አለ፤ መርገጥ ብቻ ነው የሚፈልገው። መኪናውም ይህንኑ ጽፎለት ይሆናል። ማን ያንብብ?

ሦስተኛው የትንሿ ባትሪ ነገር ነው። ከሥር የተነጠፈው ትልቅ ባትሪ ሞልቶ ሳለ መኪናው በር አልከፍትም፣ አልነሣም የሚልበት ቀን አለ። በብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ እንደ ድሮው ያለች 12 ቮልት ባትሪ ትገኛለች። በሩን፣ መብራቱንና ኮምፒዩተሩን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ መሙላቱ አይረዳም። ብልሃቱ የድሮው ብልሃት ነው፤ ቤተሰቡ ግን ነገሩን ስለማያውቅ መኪናውን በጭነት መኪና አስጭኖ ጋራዥ ያስወስደዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የአደጋ ጊዜው ገጽ ነው። መብራት ቢጠፋበት በሩ ከውስጥ በእጅ የሚከፈተው በየት በኩል ነው? ባትሪው ጉዳት ሲደርስበት ስንት ሜትር ይራቅ? አንድ ሰው ሌላው ሁሉ ቢቀርበት ይህን ገጽ ሳያነብ ልጁን ከኋላ ወንበር ላይ ማስቀመጥ አይገባውም ነበር። በብዙ ቤት ያ ገጽ ኪስ ውስጥ እንደታጠፈ፣ ማንም ሊያነበው እንዳልቻለ ይኖራል።

የባለቤትነት ጥያቄም እዚህ ላይ ይነሣል። ሊብሬው በስማችን ነው፤ ቦሎውን የምንከፍለው እኛ ነን። ነገር ግን መኪናውን ከስልክ ጋር የሚያገናኘው አፕ በአብዛኛው የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ፋብሪካው በአየር የሚልከው የሶፍትዌር ማሻሻያ እዚህ ላይደርስ ይችላል። የቻርጅ ሶኬቱ የቻይና ደረጃ ስለሆነ የአውሮፓ ዓይነት ቻርጀር ካጋጠመ አስማሚ ያስፈልጋል። ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ እናዞራለን የሚሉ ባለሙያዎች ተነሥተዋል፤ ብዙ ሰውም ገላግለዋል። ይሁንና ፋብሪካው የማያውቀውን ሶፍትዌር ከጫኑ በኋላ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ባለቤቱ የሚጠይቅበት መንገድ የለውም። እንግሊዝኛውም ቢሆን በየቤቱ ለሚነዱት እናቶችና አባቶች ሁሉ ግማሽ መንገድ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለዚህ ነው።

ሚዛናዊ መሆን ደግሞ የሂስ ግዴታ ነው። እነዚህ መኪኖች የሚመሰገኑበት ብዙ ነገር አላቸው። የነዳጅ ሰልፍ አያውቁም። በከፍታችን ላይ የነዳጅ ሞተር አየር ሲያጥረው ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለእንጦጦ አይበገርም። ጭስ የለም፤ የዘይት ቅያሪ የለም። መብራታችን በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጋር ደምረን ስናየው፣ በገዛ ወንዝ መንዳት ትንሽ ነገር አይደለም። የምተቸው መኪናውን አይደለም። የምተቸው ያልተተረጎመ ሥራ አምጥቶ «በሉ አንብቡ» የሚለውን ገበያ፣ ያንንም በዝምታ የተቀበልነውን እኛን ነው።

ፊደላችን ለስክሪን አይመችም የሚል ሰበብ ካለ ጊዜው አልፎበታል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ ሁሉ ይጽፈዋል። የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ነው። አስመጪው በሚሊዮን ብር ከሚሸጠው መኪና ጋር ሃያ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ቢሰጥ አይከስርም። መንግሥት ሊብሬ ሲሰጥ ቢያንስ የአደጋ ጊዜው ገጽ ተተርጉሞ እንዲቀርብ ቢጠይቅ ከባድ አይሆንም። ሥራ የጠበባቸው ተርጓሚዎቻችንም ከልቦለድ ጎን ለጎን ይህን ቢይዙ ለቋንቋው የሚያበረክቱት ቀላል አይደለም። ያኔ ለባትሪው ሕመም፣ ለቁልቁለቱ አያያዝ፣ ለኤሊዋ ምልክት ሁሉ ጋራዡ የራሱን ቃል ያወጣል፤ እንደ ልማዱ።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ልጨምር። የአይዲ መኪኖች ሲወጡ ቁልፎቻቸው ተነቅለው በመንካት ብቻ እንዲሠሩ ተደርገው ነበር። የድምፅና የሙቀት መቆጣጠሪያው በማታ መብራት አልነበረውም። ሾፌሩ በር ላይ ለአራት መስኮት ሁለት ቁልፍ ብቻ ተሰጥቶት የኋላውን ለመክፈት ሌላ ቦታ መንካት ነበረበት። የአውሮፓ ገዢዎችና ጋዜጠኞች ይህን አልወደዱትም፤ ጻፉ፤ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2025 የቮልስዋገን የንድፍ ኃላፊ አንድርያስ ሚንድት ዋና ዋናዎቹ ቁልፎች ወደ መኪኖቹ እንደሚመለሱ፣ ያ ስሕተትም እንደማይደገም ተናገሩ። የአውሮፓው የመኪና ደኅንነት መዛኝ ድርጅት ዩሮ ኤንካፕም ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻና ክላክስን ለመሳሰሉት በእጅ የሚጨበጥ መቆጣጠሪያ ለሌለው መኪና ሙሉ ነጥብ እንደማይሰጥ አስታወቀ።

ሠሪው የሰማው ገዢዎቹ ምን እንደጎደላቸው በራሳቸው ቋንቋ መናገር ስለቻሉ ነው። መተቸት የሚችል ያነበበ ሰው ነው። የኛ ቤተሰብ በዚያው መኪና ላይ ገንዘቡን አፍስሶ፣ ልጆቹን አሳፍሮ ሳለ እስካሁን ቅሬታውን እንኳ በወጉ ማሰማት ያልቻለው የሚያስከፋው ስለሌለ አይደለም፤ የተጻፈለትን ስላላነበበ ነው። ሊብሬው በስማችን መውጣቱ ጥሩ ነው። አሁን የቀረው ቋንቋውን በስማችን ማውጣት ነው።