የአንዲት ድምፅ ሶሎ

የሙዚቀኛውን የኒል ያንግን «ሲናመን ገርል» ለመጫወት መጀመሪያ ጊታሩን ማላላት ያስፈልጋል። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ክሮች፣ ወፍራሙም ቀጭኑም፣ ከሚ ወደ ሬ ይወርዳሉ። ዘፈኑ በ1969 የወጣው የ«ኤቭሪባዲ ኖውስ ዚስ ኢዝ ኖዌር» አልበም መክፈቻ ነው። ሶሎው ላይ ሲደርስ ያንግ አንዲት ድምፅ፣ ሬን፣ ይይዝና እሷኑ ደጋግሞ ይመታል። ብዙ ጊታሪስቶች ይህን የጀማሪ ሶሎ ይሉታል፤ እኔ ግን አልስማማም።

ጊታር እንጀራዬ ነው፤ አስተምራለሁም። ይህን ሶሎ የምሰጠው እጃቸው ለፈጠነ ተማሪዎች ነው፤ ፍጥነታቸው እዚህ ምንም አይፈይድላቸውም። ኖታዋ አንድ ስትሆን የቀረው ነገር ሁሉ ይጋለጣል፦ የቀኝ እጅ ክብደት፣ ከከበሮው ቀደም ወይም ዘግየት ማለት፣ ክሩን የመጫን ኃይል። ከሥሯ ያለው ኮርድ በተቀየረ ቁጥር ያቺው ሬ ሌላ ሆና ትሰማለች። ሶል ኮርድ ላይ አምስተኛ ናትና ረግታ ትቀመጣለች፤ ዶ ኮርድ ላይ ዘጠነኛ ሆና ትንጠለጠላለች። ይህን በጆሮው የያዘ ተማሪ ሶሎውን ለማስዋብ አይቸኩልም።

በዚያው አልበም «ዳውን ባይ ዘ ሪቨር» ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ እዚያም ሶሎው የሚጀምረው አንዲት ኖታ በመደብደብ ነው። ይህን የሚያስችለው ክሬዚ ሆርስ የተባለው ባንድ ነው። ቤዝ የሚጫወተው ቢሊ ታልቦትና ከበሮ የሚመታው ራልፍ ሞሊና ጥቂት ነገር ይዘው ሳይሰለቹ ይቆያሉ፤ ዳኒ ዊተን በሁለተኛ ጊታር ክፍተቱን ይሞላል። እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት በልምምድ ብቻ ይመጣል ብዬ አላምንም፤ የባሕርይ ጉዳይም ነው።

ዊተን በ1972 ከዕፅ ጋር በተያያዘ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት የመሣሪያ ረዳታቸው ብሩስ ቤሪ ተከተለው። በ1973 ያንግ የቀሩትን ሰብስቦ ሆሊውድ ውስጥ በሚገኝ የልምምድ አዳራሽ አብረው እየተጫወቱ የቀረጹት «ቱናይትስ ዘ ናይት» የወጣው በ1975 ነው። ሌላ የተጠናቀቀ አልበም፣ «ሆምግሮውን»፣ በእጁ ነበረ፤ ሁለቱን አስደምጦ ሻካራውን መረጠ። «ሆምግሮውን» እስከ 2020 ድረስ ሳይወጣ ቆየ።

«ቱናይትስ ዘ ናይት» ውስጥ ባለው «ሜሎው ማይ ማይንድ» ላይ ከፍ ያለችው ኖታ ጋ ሲደርስ የያንግ ድምፅ ይሰነጠቃል። ዛሬ እኔ በምሠራባቸው ስቱዲዮዎች ከበሮው በኮምፒውተር ይሠራል፣ ጊታሩ ይደረብበታል፣ ዘፋኙ መጨረሻ ላይ ይገባል፣ የሳተችው ኖታም በሶፍትዌር ትቃናለች። ያችን ስንጥቅ ግን ማን ይነካታል? የአልበሙ ሐዘን ያለው እዚያ ነው። በ1972 «ሃርቨስት» በተባለው አልበም ላይ ጥርት አድርጎ መሥራት እንደሚችል አሳይቷል፤ ስለዚህ ሻካራነቱ የችሎታ ማነስ አይደለም፣ ምርጫ ነው። ጀማሪዎች አስመስለው ሲያበላሹት ስሰማ የሚያሳዝነኝ ይህን ሳያስተውሉ ስለሚቀሩ ነው።

በ1970 ለ«አፍተር ዘ ጎልድ ራሽ» አልበም ወጣቱን ጊታሪስት ኒልስ ሎፍግሬንን ፒያኖ ላይ ማስቀመጡም ከዚሁ ምርጫ የመጣ ይመስለኛል። ልጁ ፒያኒስት አልነበረም፤ ቀለል አድርጎ ከመጫወት ሌላ አማራጭ አልነበረውም፣ ዘፈኖቹም የሚፈልጉት ያንኑ ነበር።

ከአልበሞቹ ሁሉ ብዙ ሰው የተሳሳተው «ትራንስ» ላይ ነው። በ1982 መጨረሻ ሲወጣ ያንግ ድምፁን በቮኮደር ውስጥ አሳልፎ ሮቦት አስመስሎታል። አድማጩ ግራ ተጋባ፤ አሳታሚው ጌፈንም በ1983 አንተን የማይመስል ሙዚቃ ሠርተሃል ብሎ ከሰሰው። የያንግ ልጅ ግን ሴሬብራል ፖልሲ ያለበትና መናገር የማይችል ነው፤ አባትየው በማሽኑ የዘፈነው ከልጁ ጋር መግባባትን እያሰበ ነበር። «ትራንስፎርመር ማን» የተባለውን ዘፈን በ1993 በወጣው «አንፕላግድ» ላይ ያለ ቮኮደር ተጫውቶታል፤ ዜማው ለስላሳ እሹሩሩ ነው። ያ ርኅራኄ በኋላ የተጨመረ አይደለም፤ በ1982ቱም ቅጂ ውስጥ አለ፣ የማሽኑ ድምፅ ሸፍኖት ነው እንጂ። ተማሪዎቼን ሁለቱንም አስደምጣቸዋለሁ፤ ሁልጊዜ የማሽኑን አስቀድሜ፣ ዜማውን ራሳቸው ፈልገው በጊታር እንዲያወጡት።