«ቧንቧ»፥ «ብቅል»ና «ቁራኛ»፤ በአንድ የሙያ ቃላት ዝርዝር ላይ የቀረበ ሂስ

በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ ከተባለው ሰፈር አንድ የኬሚስትሪ መምህር፥ በካታሊስት ላይ ስለሚገኝ ደቃቅ ካርቦንና በዚያ ላይ ስለሚያዙ ኢንዛይሞች ያዘጋጁትን የቃላት ዝርዝር እንድንመረምረው ልከውልናል። ተማሪው ሳይንስን በእንግሊዝኛ ሸምድዶ በአማርኛ ማስረዳት እንዳይሳነው መድከማቸው ያስመሰግናቸዋል። ምስጋናው ግን ሂሱን አያስቀረውም።

የነገሩ ፍሬ ይህ ነው። የብረት፥ የኮባልት ወይም የኒኬል ቅንጣት በጋለ ምድጃ ውስጥ እንደ አሴቲሊን ያለ ካርቦን አዘል ጋዝ ሲያገኝ ጋዙን ይበታትነዋል፤ ካርቦኑም ከቅንጣቱ እየወጣ ውስጡ ክፍት የሆነ ዘንግ ይሠራል። ውፍረቱ የሚለካው በናኖሜትር፥ ማለትም በሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የጃፓኑ ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጽሑፍ የዓለምን ትኩረት ወደዚህ ሳበ። በዘንጉ ላይ የተያዘ ኢንዛይም ሰፊ ገጽ ያገኛል፤ ከፈሳሹም ተለይቶ ዳግመኛ ሊያገለግል ይችላል።

ዘንጉ «ናኖ ቧንቧ» መባሉን እንደግፋለን። ይሁን እንጂ «ቧንቧ» ውሃ የሚቀዳበትንም ውሃ የሚያልፍበትንም ስለሚያመለክት፥ እዚህ የተፈለገው ሁለተኛው ፍች መሆኑ ይጻፍ።

ኢንዛይምን «እርሾ» ማለት ግን ስሕተት ነው። እርሾ ሕይወት ያለው ነው፤ ኢንዛይም ሕይወት የለውም፥ አብዛኛውም ፕሮቲን ነው። የጠላ ጠማቂዋ ልዩነቱን በሥራ ታውቀዋለች፤ ብቅሉ በኢንዛይሞቹ አማካይነት የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፥ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮል። የኮምቦልቻው ቢራ ጠመቃም ከዚህ ሥርዓት አይወጣም። ስለዚህ «ኢንዛይም» የሚለው ውሰት ይጽና። «ካርቦን ማሳደግ» የተባለውም «ማብቀል» ቢባል ይሻላል፤ ቧንቧው ከቅንጣቱ የሚወጣው ቡቃያ ከዘር እንደሚወጣው ነውና።

ከሁሉ የከፋው «የማይንቀሳቀስ ኢንዛይም» የሚለው ነው። ይህን ያነበበ ተማሪ ኢንዛይሙ ሥራ ያቆመ ይመስለዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ኔልሰንና ግሪፊን በ1916 እ.ኤ.አ. ኢንቨርቴዝ የተባለው ኢንዛይም ከሰል ላይ ተጣብቆም ሥራውን እንደማያቆም አሳይተዋል። እኛ «ቁራኛ ኢንዛይም» እንላለን። በቀድሞው የፍርድ ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ታስረዋል፥ ግን ይራመዳሉ። «የአልጋ ቁራኛ» የሚለው አነጋገር ሕመምን እንደሚያስታውስ አንዘነጋም፤ ሆኖም ይህ ጉድለት የተማሪውን አእምሮ ወደ ሐሰት አይመራም፥ የመጀመሪያው ስያሜ ግን ይመራል።

የኢንዛይሙ መያዣ «ድጋፍ» ከሚባልም «መደብ» ይባል፤ ድጋፍ እርዳታን ሲያሳስብ፥ መደብ መቀመጫን ያሳያል።

የሙያ ቃል የሚመዘነው በአማርኛነቱ ብቻ አይደለም። ቃሉን የሰማ ተማሪ ነገሩን በትክክል ማሰብ ከቻለ ቃሉ ሥራውን ሠርቷል። መምህሩ ዝርዝሩን በዚህ ሚዛን አርመው እንዲልኩልን እንጠይቃለን።