ስለ ነጻ ኮምፓይለሮችና ስለ ዶስ የወደፊት ዕድል

በክፍላችን ተማሪዎች ዘንድ ስለ ዶስ ሲነሣ የሚሰማው አስተያየት ባብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ዶስ የሞተ ነገር ስለ ሆነ ስለ እርሱ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ሂስ ግን በሁለት ወገን ያነጣጠረ ነው። አንደኛው ወገን «ዶስ ሞቷል» ብሎ ነገሩን የሚዘጋው ነው፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ነጻ ኮምፓይለር እስካለ ድረስ ዶስ አይሞትም እያለ የሚጽናናው ነው። ሁለቱም ጥያቄውን በሚገባ ያዩት አይመስለኝም። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ዶስ ማለት ተጠቃሚው በቁልፍ ሰሌዳ ትእዛዝ እየጻፈ ኮምፒዩተሩን የሚያሠራበት ሥርዓተ ክወና ነው። ማይክሮሶፍት ለአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተር በ1981 ካወጣው በኋላ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የጽሕፈት መኪና ምትክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ድርጅት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢንተርኔት ሳይኖር በፊዶኔት መልእክት ያስተላልፍ ነበር። ዩኔስኮ በ1985 ለአነስተኛ ኮምፒዩተሮች ያወጣው ሲዲኤስ አይሲስ የተባለው ፕሮግራም የአያሌ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ማኖሪያ ሆነ። የጤና ተማሪዎችና መምህራን የምርምር መጠይቆቻቸውን ይቆጥሩ የነበረው በኢፒ ኢንፎ ሲሆን፥ የዚህ ፕሮግራም 6ኛው እትም በ1994 የወጣው ለዶስ ነበር። በአማርኛ ለመጻፍም በአሜሪካ የሚኖሩት ፍስሃ አጥላው በ1980ዎቹ ዳሸን ኢንጂነሪንግ በተባለው ድርጅታቸው አማካይነት፥ እዚህም ብሔራዊ የኮምፒዩተር ማዕከል «አጋፋሪ» በተባለው ፕሮግራም፥ ፊደላችንን በዶስ ላይ አሠርተውታል።

እንግዲህ ዶስ ሞቷል የሚለው ሰው ከዶስ ጋር አብሮ ምን እንደሚቀበር ሊነግረን ይገባል። የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ አለ፤ የጤና ጥናት ቁጥሮች አሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በፍሎፒ ዲስክ ላይ ተጽፈው የቀሩ የአማርኛ ደብዳቤዎችና ቃለ ጉባኤዎች አሉ። አንድ መሥሪያ ቤት ቁም ሣጥኑን ሲያጸዳ እነዚህን ዲስኮች ከተሰበረ ወንበር ጋር አብሮ ያወጣቸዋል።

በ1994 ማይክሮሶፍት የዶስን ሥራ ለማቆም ማሰቡ በተሰማ ጊዜ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፥ ሪቨር ፎልስ በሚባለው ቅርንጫፍ የፊዚክስ ተማሪ የነበረው ጂም ሆል ምንጩ ለሁሉ የተገለጠ ሌላ ዶስ እንሥራ የሚል ጥሪ ሰኔ 29 ቀን አሰማ። ጥሪውን ያቀረበው ተማሪ እንጂ ኩባንያ አለመሆኑን ለጓደኞቼ ማስታወስ እወዳለሁ። ፓት ቪላኒ የጻፉት ከርነል ተጨምሮበት ሥራው ፍሪዶስ ተባለ፤ 1.0 እትሙ በ2006፥ 1.3 በ2022፥ 1.4 ደግሞ በ2025 ወጣ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው የበጎ ፈቃድ ሥራ በዚህ ዓይነት መዝለቁ የሚያስመሰግን ነው፤ ሂሴም ይኸን አይነካም።

አሁን ወደ ኮምፓይለር እንመለስ። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን የፕሮግራም ምንጭ መኪናው ወደሚያነበው ቋንቋ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ለጌዴኦ ሰው በምሳሌ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የይርጋ ጨፌ ቡና ተቆልቶ ቢሰጠን ጠጥተን እንደሰትበታለን እንጂ ችግኝ አናፈላበትም። የተቆላው ቡና የተጠናቀቀው ፕሮግራም ነው፤ ዘሩ ምንጩ ነው። ዘሩ በእጃችን ቢኖርም ምጣዱ የሰው ከሆነ ባለ ምጣዱ ያልፈቀደ ቀን ጥሬ ቡና ታቅፈን መቅረታችን ነው። የነጻ ኮምፓይለር ጥያቄ የምጣዱ ጥያቄ ነው።

በአማርኛችን «ነጻ» የሚለው ቃል አንባቢን እንዳያሳስተው እፈራለሁ። በነጻ የተሰጠ ሌላ ነው፤ ነጻ የወጣ ሌላ ነው። በመካከላቸው ያለችው «በ» ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ክርክሩ በሙሉ በእርሷ ላይ ያረፈ ነው። ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ ተርቦ ሲ የተባለውን የድሮ ኮምፓይለሩን ከጊዜ በኋላ ያለ ክፍያ አድሎታል፤ ምንጩን ግን አልሰጠም። ሲዲኤስ አይሲስም ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች ያለ ዋጋ ሲታደል ኖሯል። ሁለቱም በነጻ የተሰጡ እንጂ ነጻ የወጡ አልነበሩም።

ይህ ልዩነት የፈላስፋ ጨዋታ እንዳይመስል ተርቦ ፓስካል 7 ላይ የደረሰውን ልተርክ። በ1992 የወጣው ይህ ኮምፓይለር ክርት የተባለ የጽሑፍ ማሳያ ክፍል ነበረው። ይህ ክፍል ፕሮግራሙ ሲነሣ መኪናው በ55 ሚሊሴኮንድ ውስጥ አንዲት ባዶ ምልልስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጽም ይቆጥርና ቁጥሩን ለ55 ያካፍላል። ውጤቱ የሚቀመጥበት ሥፍራ 16 ቢት ስለ ሆነ ከ65,535 የሚበልጥ ቁጥር አይዝም። በ1992 ይህን የሚያልፍ መኪና በማንም ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። የመኪኖቹ ፍጥነት ወደ 200 ሜጋኸርዝ ገደማ ሲደርስ ግን ድርሻው ከሥፍራው ሞልቶ ፈሰሰ፤ መኪናውም ማንም ለዜሮ ሳያካፍል «ለዜሮ ተካፍሏል» የሚለውን 200 ቁጥር ስሕተት አሳይቶ ሥራውን አቆመ። ትናንት ሲሠራ የነበረ ፕሮግራም አዲስና ፈጣን መኪና በመገዛቱ ብቻ የመጀመሪያ መስመሩን ሳይጀምር ሞተ ማለት ነው። ምንጩ በእጁ የነበረ ሰው ክፍሉን አርሞ እንደገና አጠናቀረ። ምንጭ ያልነበረው ሰው የተቆላውን ቡና አንድ በአንድ እየለቀመ እንደሚያድስ ሰው የተጠናቀቀውን ፋይል ባይት በባይት ሲጠግን ኖረ። ዛሬ ፍሪ ፓስካል የተባለው ኮምፓይለር ከነቤተ መጻሕፍቱ ምንጩ ለሁሉ የተገለጠ በመሆኑ እንዲህ ያለ ስሕተት ቢገኝበት ዲላ የተቀመጠ ተማሪም ሊያርመው ይችላል።

ይሁን እንጂ ነጻ የሚባሉት ኮምፓይለሮች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ አድናቆቱም ይኸን ሸፍኖብናል። ዲጄ ዴሎሪ በ1989 የጀመረው ዲጄጂፒፒ ጂሲሲን ወደ ዶስ ያመጣ ታላቅ ሥራ ነው፤ በ1996 የወጣው ኩዌክ የተባለው ጨዋታ ለዶስ የተጠናቀረው በእርሱ ነበር። ነገር ግን የሚያወጣው ፕሮግራም 386 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አንጎል ይፈልጋል፤ የዶስን ከርነል ራሱን ሊያጠናቅር አይችልም። ለከርነሉ የሚያገለግለው ኦፕን ዋትኮም ነው። ሳይቤዝ የተባለው ኩባንያ ምንጩን ከለቀቀው በኋላ 1.0 እትሙ በ2003 ወጣ፤ በጥራቱም የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ፈቃዱ ነው። የተለወጠውን ፕሮግራም ለራሱ ሥራ ብቻ የተጠቀመ ሰው እንኳ ምንጩን ለሕዝብ እንዲያወጣ ስለሚያስገድድ ሪቻርድ ስቶልማን የመሠረቱት የነጻ ሶፍትዌር ድርጅት ነጻ ነው ብሎ አልተቀበለውም። ሌላ ድርጅት ደግሞ ተቀብሎታል። ነጻ የተባለው ሥርዓተ ክወና ለብዙ ዘመን የተንጠለጠለው ነጻነቱ በሚያከራክር ምጣድ ላይ መሆኑ ቢያንስ መነገር ይገባው ነበር። በቅርብ ዓመታት ለ16 ቢት የተዘጋጀ የጂሲሲ ቅርንጫፍ ተሠርቶ የፍሪዶስን ከርነል ለማጠናቀር በቅቷል፤ ይህ ቅርንጫፍ ግን በጥቂት በጎ ፈቃደኞች እጅ ያለ ነው፤ ከዋናው ጂሲሲ ጋር አልተዋሐደም። ባብዛኛው የሚሠራበትም ከሊኑክስ ላይ ሆኖ ነው። ባለ መድኃኒቱ የሚኖረው በሌላ መንደር ነው ማለት ነው።

ማይክሮሶፍትም በበኩሉ የኤም ኤስ ዶስ 4.00ን ምንጭ በሚያዝያ ወር 2024 ለሕዝብ ለቋል። ለታሪክ ተማሪ ጥሩ ስጦታ ነው፤ ለፍሪዶስ ግን የዘገየ ነው።

ነጻ ኮምፓይለር የማይፈታው ትልቁ ጉዳይ ግን የፊደላችን ጉዳይ ነው፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፉ የዶስ ወዳጆችም ይኸ ችግር ስለማይነካቸው አያነሡትም። ዶስ በጽሑፍ ገበታው ላይ በአንድ ጊዜ የሚያውቃቸው ምልክቶች 256 ናቸው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደሎቻችን በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ሃያው የግዕዝ አኃዝ ሲጨመር 251 ይደርሳል። የሚተርፈው አምስት ሥፍራ ነው። ሏንና ቧን የመሰሉት ዲቃሎች፥ ሥርዓተ ነጥቡ፥ ትእዛዙ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ሁሉ ገና ከውጭ ቆመዋል። ቪጂኤ የተባለው የገበታ ካርድ የድምቀቱን ምልክት ከተዉለት 512 ይችላል፤ ነገር ግን ጬን የመሰለ ፊደል በስምንት ነጥብ ስፋት ተጨምቆ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የዚያ ዘመን ባለሙያዎች የጽሑፍ ገበታውን ትተው ፊደሉን በሥዕል መንገድ መሣል፥ ለኮዱም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሠንጠረዥ መፍጠር ግድ ሆነባቸው። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈውን ሌላው የማያነበው ከዚህ የተነሣ ነው። ዩኒኮድ ፊደላችንን በ3.0 እትሙ የተቀበለው በ1999 ስለ ሆነ ከዚያ በፊት የተጻፈው ሁሉ በየሠንጠረዡ ተቆልፎ ቀርቷል።

ፍሪዶስ ይኸን ወርሷል። አንድ ፕሮግራም የራሱን ፊደል ሊሥል ይችላል፤ ሥርዓቱ ራሱ ግን ለፋይል ስም የሚሰጠው ስምንት ባይት ነው። በዛሬው ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ስለሚወስድ «ዲላ» ስድስት ባይት ሆና ትገባለች፤ «ይርጋጨፌ» አሥራ አምስት ስለምትሆን ትቀራለች። ዲላም ብትሆን ዶስ ወደ ትልቅ ፊደል ልለውጥ ብሎ ካላበላሻት ነው። የጌዴኦ ቋንቋ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተማሩባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ በላቲን የሚጻፈው ጌዴኦኛ ያለ ችግር በዶስ ሲጻፍ የዘመቻው ፊደል ግን አለመጻፉ የሚገርም ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መኪናው ነው። 64 ቢት የሆነው ዊንዶውስ የ16 ቢት ፕሮግራም አያስነሣም፤ 32 ቢት እትም የነበረው ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በጥቅምት ወር 2025 አበቃ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እንዲህ ያለ እትም የለውም። ባዮስን ትተው በዩኢኤፍአይ ብቻ የሚነሡ አዳዲስ መኪኖች ላይ ፍሪዶስ በቀጥታ አይነሣም፤ ባዮስን ጠርቶ መልስ የሚሰጠው ያጣልና። ስለዚህ ለዶስ የቀረለት መኖሪያ በሶፍትዌር የተመሰለ መኪና፥ ማለት ዶስቦክስን የመሰለ አስመሳይ ነው። የነጻ ኮምፓይለርን እውነተኛ ጥቅም የማየው እዚህ ላይ ነው። የዶስን ዕድሜ የሚያራዝመው ለ8086 የሚያጠናቅረው ኮምፓይለር ሳይሆን አስመሳዩን ለእያንዳንዱ አዲስ መኪና እንደገና የሚያጠናቅረው ጂሲሲ ነው። የዶስ ወዳጆች ልባቸውን በመጀመሪያው ላይ ጥለዋል፤ በኔ አስተያየት ተሳስተዋል።

«ታዲያ ሊኑክስን መማር አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ለዕለት ሥራ ይሻላል። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አባቶች ከአሮጌ መኪኖች አንዱን በዶስ ያሠሩት ስለ ነበር ኮምፒዩተር ታዝዞ የሚሠራ መኪና መሆኑን የተረዳሁት በዚያ ገበታ ላይ ነው፤ ይኸን ትምህርት አልንቀውም። የምነቅፈው ከ1998ቱ የሲ ፕላስ ፕላስ ደንብ በፊት የተሠራውን ተርቦ ሲ ፕላስ ፕላስ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየገለበጡ እንደ ዘመናዊ ትምህርት መስጠትን ነው። ተማሪው በ«አዮስትሪም ነጥብ ኤች» የሚጀምር ፕሮግራም ይለምድና ጂሲሲ ሲመልስበት ጥፋቱ የጂሲሲ ይመስለዋል። ዶስን ማስተማር የሚፈልግ መምህር ፍሪዶስን በአስመሳይ ውስጥ አስነሥቶ በዲጄጂፒፒ ወይም በፍሪ ፓስካል ቢያስተምር ያው ገበታ፥ ያው ትእዛዝ፥ በሕጋዊ መሣሪያ ይገኛል።

ለምርምር ክፍላችን የማቀርበው አንድ ሐሳብ አለኝ። በዞኑ መሥሪያ ቤቶችና በቤተ መጻሕፍት ያሉት ፍሎፒ ዲስኮች ከመጣላቸው በፊት ምስላቸው ይቀዳ፤ የዲስኩ ማግኔት ሐሳባችንን እስክንጨርስ አይጠብቅም። ምስሉ ከተቀዳ ፕሮግራሙን በአስመሳይ ማስነሣት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሚከብደው የኮድ ሠንጠረዡን ማግኘት ነው፤ ሠንጠረዡ ከተገኘ ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ የሚመልሰውን ፕሮግራም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በፍሪ ፓስካል ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ የአጋፋሪን ወይም የሌላ የዶስ ዘመን የአማርኛ ፕሮግራም መመሪያ መጽሐፍ በቤቱ ያኖረ አንባቢ፥ ሽፋኑ የተቀደደም ቢሆን፥ ለቡለቲኑ አዘጋጆች ቢያውሰን ገጾቹን አንሥተን እንመልስለታለን።