ጋዙን ከመለካት በፊት ማዕድኑን ስለ መለየት

ሼል የተባለው ድንጋይ በጥንት ባሕርና ሐይቅ ወለል ላይ የረጋ ደቃቅ ደለል ተጠቅጥቆ የተገኘ፥ ለዓይን ድፍን የሚመስል፥ በውስጡ ግን ስፍር ቍጥር የሌላቸው ረቂቃን ቀዳዳዎች የተሰወሩበት ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ስፋታቸው ከ2 ናኖሜትር ያነሰ ስለ ሆነ፥ 0.33 ናኖሜትር ያህል የሚሆነው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ከገባባቸው በኋላ በነጻ አይመላለስም፥ ግድግዳው ስቦ ወደ ራሱ ያጣብቀዋል እንጂ። ስለዚህ ድንጋዩ ምን ያህል ጋዝ ይይዛል የሚለው ጥያቄ፥ ግድግዳው ከምን ታነጸ ከሚለው ተለይቶ ሊመለስ አይችልም።

ኳርትዝ ገጹ ጠባብ ስለ ሆነ የሚይዘው ጥቂት ነው። ኬሮጅን፥ ማለት የጥንት ሕያዋን ቅሪት፥ ራሱ በረቂቃን ቀዳዳዎች የተመላ በመሆኑ ጋዙን አብዝቶ ይቀበላል። የሸክላ ማዕድናት ነገር ግን ሰፋ ያለ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ኢላይት በውጭ ገጹና በጠርዙ ብቻ ሲይዝ፥ ስሜክታይት እንደ ብራና ቅጠል የተደራረቡ ንብርብሮቹን አራርቆ ጋዙን በመካከላቸው እስከ ማሳደር ይደርሳል፤ ይህም የሚሆነው በንብርብሮቹ መካከል ጥቂት ውሃ ሲኖር ነው እንጂ፥ ፈጽሞ ደርቆ ሲጣበቅ ወይም በውሃ ሲጠግብ ብዙውን ጊዜ አይሆንም።

የሙያችን ልማድ ናሙናውን በሙቀት አድርቆ በውስጡ የቀረውን አየር መጥጦ ማውጣት ነው፤ መለኪያው ያን ጊዜ ንጹሕ ቍጥር ይሰጣልና ልማዱን አልነቅፍም። ይሁን እንጂ በከርሠ ምድር ያለ ሼል ደረቅ አይደለም፤ የሸክላው ገጽ ውሃን ስለሚወድ፥ ጋዙ ያርፍበት የነበረውን ስፍራ ውሃው አስቀድሞ ይዞታል። በደረቅ ናሙና የተገኘውን መጠን እንዳለ ለእርጥቡ ዓለት መስጠት የሌለ ስፍራን እንዳለ መቍጠር ነው። ስለዚህ የሸክላውን ዓይነት በራጅ ጨረር ሳልመረምር፥ በኤቲሊን ግላይኮል አርሼም የስሜክታይቱ ንብርብር ወደ 1.7 ናኖሜትር መስፋቱን ሳላይ፥ ናሙና ወደ ማድረቂያ አላስገባም።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ክርክር ብቻ አይደለም። በሰሜን ባሕር፥ በኖርዌይ ስላይፕነር፥ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ ወደ 1 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕር ወለል በታች ወዳለው የኡትሲራ አሸዋ ዓለት ሲወርድ፥ ወደ ላይ እንዳይመለስ የከደነው ሼል ነው። በዚህ ሙያ የተሰማራችሁ ሁሉ፥ በመዝገባችሁ ከጋዙ መጠን አጠገብ የማዕድኑን ዝርዝርና የናሙናውን እርጥበት አብራችሁ እንድትጽፉ እለምናችኋለሁ።